ውዳሴ ውሎ አበል

ባሕር ዳርን ሊያመሰግን ብዕር ያነሣ ሁሉ ጣናን፣ ዓባይንና በጎዳናው ዳርና ዳር የተተከለውን ዘንባባ አመስግኖ ብዕሩን ይከድናል። ሐይቁ ምስጋናው አይበዛበትም። ነገር ግን ሚዛን ካለ ከቆሮሶውም ከአምባዛውም በላይ የዚህችን ከተማ ደመወዝተኛ ሲመግብ የኖረ አንድ ባለውለታ አለ፤ እርሱም ውሎ አበል ነው። «አበል» ከ«አበላ» ጋር የሥጋ ዝምድና ይኑረው አይኑረው ሊቃውንቱ ይመርምሩት። እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ያበላኝ ማን እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ ውለታ ቢስ እንዳልባል ይህችን ውዳሴ አቀርባለሁ።

ደመወዝን ማማት አልፈልግም። ደመወዝ እንደ ታመመ ዘመድ ነው፤ እርሱን ይጠይቁታል እንጂ ከእርሱ አይጠይቁም። በመስከረም 2018 በተደረገው ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመንግሥት ሥራ የሚጀምር ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ በ2017 በተሻሻለው ሕግ መሠረት 2,100 ብር የገቢ ግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ደግሞ ለጡረታ ሲነሣ እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው፤ ይህም የዕድሩ፣ የዕቁቡና የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተቀናሽ ገና ሳይደርስበት ነው። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለማማረር አይደለም፤ ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ጭማሪው ትንሽ አይባልም። ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም፣ የባጃጅ መለዋወጫውም፣ የሕፃን ወተቱም የየራሳቸውን ማስተካከያ ከእኛ ቀድመው አድርገዋል። እነርሱ ኮሚቴ ማዋቀር አያስፈልጋቸውም።

ደመወዝ ሌላም ጉድለት አለበት፤ ጳጉሜንን አያውቃትም። ዓመቱን ሙሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን እየቆጠረ መጥቶ፣ ዘመን መለወጫ ደርሶ በጉ ሲጮኽ፣ አምስቷን ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ስድስቷን፣ እንዳላየ ሆኖ ያልፋታል። ውሎ አበል ግን ጳጉሜንን በስሟ ይጠራታል። በጳጉሜን ሦስት ቀን መስክ የወጣ የሦስት ቀኑን ያገኛል፤ በወጉና በሕጉ ጣሪያ ውስጥ የተከፈለ እስከ ሆነ ድረስም ግብር አይነካውም፣ ጡረታም አይቆረጥበትም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ገንዘብ በሌላ በኩል ከአጎት የተላከ ካልሆነ በቀር አላየሁም።

ከወራት ሁሉ ግን የውሎ አበል ወር ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተነካ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። እኛ ደግሞ ቤታችን የመጣን እንግዳ ጦሙን መሸኘት ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ በጀትን ያህል እንግዳ መጥቶ እንዲሁ ሲመለስ ማየት አይሆንልንም። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ በሰኔ ጭቃ ውስጥ ሲዘራ የእኛ ቢሮ በሰኔ ያጭዳል። ዓመቱን ሙሉ በበጀት እጥረት ቀለም አጥቶ የደረቀ አንድ የማተሚያ መሣሪያ ነበረን፤ ደብዳቤ ለማተም ወደ ፔዳ በር ባሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በየተራ ከኪሳችን እየከፈልን እንመላለስ ነበር። ሰኔ ሲገባ፣ በዚያው መሣሪያ አጠገብ በተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ስለ ወጪ ቆጣቢ አሠራር የአምስት ቀን ሥልጠና በአዳማ መዘጋጀቱ ተነገረን። ወጪ መቆጠቡን በሚገባ ተምረን መጥተናል።

አንባቢ «ለምን አዳማ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ሥርዓት ነው። ነቢይ በአገሩ እንደማይከበር ሁሉ ሠራተኛም በሚሠራበት ከተማ ውሎ አበል የለውም። ባሕር ዳር የሐይቁ ነፋስ በነፃ የሚነፍስባት፣ ሆቴሎቿ የስብሰባ አዳራሽ የታደሉ ከተማ ብትሆንም፣ ይህ ሁሉ ጸጋ ለእኛ ለነዋሪዎቿ አንዲት ሣንቲም አያስገኝም። የሚያስገኘው ከሌላ አገር ለሚመጣ ነው። በመሆኑም ስለ እንቦጭ እንድንመክር የተጠራሁበት የመጀመሪያ መድረክ የተዘጋጀው ሐዋሳ ነበር። አረሙ ከ2004 ጀምሮ የታየው በጣና ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ የጣናም ውኃ ከቢሯችን መስኮት ይታያል። ነገር ግን አንድን ችግር በጥልቀት ለማየት ከችግሩ ራቅ ማለት እንደሚያስፈልግ የጥናት ሰዎች ይናገራሉ፤ እኛም ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ብለን ተመለከትነው። «ወደ ደምቢያ ወይም ወደ ፎገራ ዳርቻ ብትወርዱ ኖሮስ አበሉ አይቀርባችሁም ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አይቀርም ነበር። ነገር ግን እዚያ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ገበሬውም ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ፣ ያለ አበል፣ ሲነቅል ይታያል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ቆሞ የአበል ቅጽ መሙላት ለሁለቱም ወገን አይመችም።

የእኛ መኪና ዓባይ በረሃን በሚወርድበት ሰዓት፣ የሌላ ሐይቅ ባለቤት የሆኑ ወንድሞቻችን ስለ ሐይቃቸው ሊመክሩ ወደ ባሕር ዳር እየወጡ እንደ ነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ከደጀንና ከጎሐ ጽዮን መካከል፣ ድልድዩ ላይ፣ ሳንተላለፍ አልቀረንም። ጥሩንባ ተነፋፍተን ይሆናል።

የመድረኩ ስም አብዛኛውን ጊዜ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው፤ ከምናወጣቸው ስሞች ሁሉ እንደዚህ እውነተኛ ስም አላገኘሁም፤ በመጨረሻው ቀን ያስጨብጣልና። እስከዚያው ግን ሥራ አለ። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ የፊርማ ወረቀቱ ከረድፍ ረድፍ ይዞራል፤ በግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ከኋላ ለተቀመጥን የጉንዳን ሰልፍ መስሎ ይታየናል፤ «ከቤቱ አስተያየት» ሲባልም ዘወትር የሚናገሩት አንድ አባት ተነሥተው «ለጥያቄ ሳይሆን ለማጠናከር ያህል» ብለው ሃያ ደቂቃ ያጠናክራሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ፍጹም ጸጥታ የሰፈነበትን ጉባኤ አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ፤ ገንዘብ ያዧ ቦርሳዋን ይዛ ከኋላ በር የገባች ዕለት ነው። ጥናት አቅራቢው ጸጥታው ለእርሱ የመጣ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። በመጨረሻም ችግሩ ሰፊ በመሆኑ ተጨማሪ መድረክ እንደሚያስፈልገው ቤቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተስማማ።

ስለ ጥሩ አለቃ ብዙ ይባላል። ራእይ ያለው፣ ሠራተኛውን የሚያዳምጥ፣ በአርአያነት የሚመራ ይሉታል፤ እነዚህ ለግድግዳ የሚሆኑ ቃላት ናቸው። ጥሩ አለቃ ማለት የመስክ ተራን የሚያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው የቡድን መሪዬ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ አንዲት የተጠቀለለች ደብተር በኮቱ የውስጥ ኪስ ይይዝ ነበር። በእርሷም ውስጥ ማን መቼ እንደ ወጣ፣ የማን ሚስት እንደ ወለደች፣ የማን እናት ታመው ከገጠር እንደ መጡ፣ የማን ቤት ኪራይ እንደ ጨመረ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል። የእኔ ኪራይ በአንድ ጊዜ አንድ ሺሕ ብር በጨመረ ሰሞን ወደ ቢሮው ገብቼ «ጋሼ፣ አልቻልኩም» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ሲጠርግ ቆየና «እኔ ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን የለኝም፤ ሌሊት ግን እጨምርልሃለሁ» አለኝ። ደብረ ማርቆስ ሁለት ሌሊት ተብሎ የተጻፈውን የክትትልና ድጋፍ ጉዞዬን አራት አደረገው። የምከታተለው ሥራ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። የቀረውን ጊዜ በአልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን ሰው ሳመሰግን አሳለፍኩት። ከዚህ ላይ፣ ሳልቀልድ፣ ከዚያ በኋላ ካየኋቸው አለቆች ሁሉ ልብ የነበረው እርሱ እንደ ነበር መናገር አለብኝ፤ በእጁ የነበረው መሣሪያ ሌሊት ብቻ ከሆነ በሌሊት ምን ያድርግ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሥራ ወዳድ ነበር። ሥራን ከመውደዱ የተነሣ በሁሉም መድረክ ራሱ ይገኝ ነበር፤ በአንድ ሳምንት በሁለት ከተማ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ፊርማው ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ጸጋ ለቅዱሳን እንጂ ለዳይሬክተሮች ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሥራ ዕድገትም በዚሁ መስፈርት ይታያል። በደረጃና በእርከን የሚሰላው ዕድገት ለማኅደር ነው፤ እውነተኛው መሰላል ከተሳታፊ ወደ አስተባባሪ፣ ከአስተባባሪ ወደ አሠልጣኝ፣ ከዚያም ወደ ዐቢይ ኮሚቴ የሚያወጣው ነው። ከጎኔ የሚቀመጥ ባለሙያ ተወዳድሮ አንደኛ ከወጣ በኋላ ሹመቱን ሲመልስ አይቻለሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ ደንግጦ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠየቀው። እርሱም በአንድ ገጽ አስረዳ፤ አዲሱ መደብ ደመወዙን ትንሽ ከፍ እንደሚያደርግለት፣ ነገር ግን ከወንበር ጋር እንደሚያስረው፣ ሦስት ልጆችም እንዳሉት። ደብዳቤው ከዓመታዊ ሪፖርታችን ሁሉ በተሻለ አማርኛ የተጻፈ ነበር።

ታዲያ ውሎ አበል ቤተሰብን የሚያበላው እንዴት ነው ቢሉ፣ ተጓዡ ባለመብላቱ ነው። ገንዘቡ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራትና ለአልጋ ተብሎ ይሰጣል። ብልህ ሰው በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ከቤቱ ሰንቆ፣ ከባልደረባው ጋር አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ሆኖ ተኝቶ፣ የቀረውን ወደ ቤቱ ያስገባል። ስለ ኅብረተሰቡ የሥነ ምግብ ጉድለት በሚመክር ጉባኤ ላይ በበሶ ብቻ አምስት ቀን የዋለ ተሳታፊ አውቃለሁ፤ በርእሱ ላይ የተናገረው ከሁሉም የበሰለ ነበር። መንገዱ እንደ ልብ በነበረበት ዘመን ደግሞ መኪናው ባዶውን አይመለስም፤ ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት፣ ከቡሬ በርበሬ ጭኖ፣ ሾፌሩ እየተቆጣ፣ እኛ በኩንታሉ ላይ እግራችንን አንሥተን ከተማ እንገባ ነበር። አሁን መንገዱ እንደ ቀድሞው ስላልሆነ ብዙው ጉዞ በአውሮፕላን ነው፤ በአውሮፕላን ደግሞ በርበሬ እንደ ልብ አይጫንም።

ከጉዞ መልስ አንድ ፈተና አለ፤ ማወራረድ። ቅድሚያ የተወሰደ ገንዘብ በደረሰኝና በማኅተም ካልተወራረደ በሒሳብ ቋንቋ «ተሰብሳቢ» ይባላል፤ በዋና ኦዲተር ሪፖርት ላይ ይህን ቃል የሚያነብ ሰውም ይደነግጣል። እኛ አንደነግጥም። ተሰብሳቢ ማለት እኛው ነን፤ ሥራችን እርሱ ነው።

የዚህ ሁሉ በረከት ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ወጥቶ ሰፈሩን አዳርሷል። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ዱቤ ሲጠየቅ «መስክ ትወጣለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። የአክስቴን ልጅ ለትዳር ለመጠየቅ የሄዱት ሽማግሌዎች ስለ ልጁ ዲግሪ፣ ሥነ ምግባርና ዘር ማንዘር አብራርተው ሲጨርሱ፣ የልጅቱ አባት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የቢሮ ነው ወይስ የመስክ?» የቤት አከራዬ እትዬ ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። የመሥሪያ ቤታችንን የጉዞ መርሐ ግብር ከእኔ ቀድመው ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚያውቁት እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ኪራይ የሚጨምሩትም ቦርሳዬን ተሸክሜ ከግቢ ስወጣ እንጂ በሌላ ጊዜ አይደለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደርሶኛል። የሠራተኛውን የኑሮ ውድነት ጫና ለመቋቋም በሚያስችሉ የመፍትሔ አቅጣጫዎች ላይ የሚመክር መድረክ በአዳማ ተዘጋጅቷል፤ ስሜም ከተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሪፖርቱን ካለፈው ዓመት ስለ ወሰድኩት ከወዲሁ አልቋል፤ የቀረኝ ቀኑን መለወጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን ስተኩስ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ መንገድ ነው አሉ?»

«አዎ እትዬ፣ አዳማ ነው።»

«እግዚአብሔር ይከተልህ። ስንት ሌሊት ነው?»

«ሦስት።»

ጥቂት አሰቡ። «እንዲያው በሞቴ አለቃህን አነጋግረው፤ አራት አይሆንም?»