ያቺ ነጭ ፍሬ ስም አላት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም ከናንተው አንዱ ስለሆንኩ ቁጣው ለራሴም ይደርሰኛል።

ባለፈው ጎረቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። አንዷ «ራሴን ለሁለት ሊከፍለኝ ነው» አለች። ገና አቦሉ ሳይቀዳ ሦስት ቦርሳ ተከፈተ። «እንቺ ይቺን ነጯን፣ ለኔ ፍቱን ናት።» «ኧረ ይቺ ትሻላለች፣ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ናት።» ሴትዮዋ ማንም እንዳይከፋት ብላ ሁለቱንም ዋጠች። ስማቸውን የጠየቀ የለም። ሽንኩርት ስንገዛ አገላብጠን፣ አሽትተን፣ ተከራክረን ነው። ክኒን ሲሆን ግን እጃችንን ዘርግተን አፋችንን እንከፍታለን።

ነጯ ፓራሲታሞል ነበረች። የአሜሪካዋ ደግሞ ታይሌኖል። ታይሌኖል ማለት ፓራሲታሞል ነው፤ አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን ይሉታል እንጂ ያው ራሱ ነው። ከእስራኤል የሚመጣው አካሞል፣ ከዱባይ የሚመጣው አዶል፣ ሁላችንም የምናውቀው ፓናዶል፣ ሁሉም እሱው ናቸው። የሚለየው የመጡበት ሻንጣ ነው። የጉንፋን ተብለው የሚሸጡትም ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። «ፓናዶሉ አልይዝ ሲለኝ በታይሌኖል ቀየርኩት» የምትሉ ሰዎች፣ ምንም አልቀየራችሁም። ደረባችሁ እንጂ።

ልኩን ልንገራችሁ። ለጤነኛ አዋቂ፣ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አያልፍም። በየመሃሉም ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። መጠጥ ለሚያዘወትር፣ ጉበቱን ለታመመ፣ በጣም ለከሳ ሰው ልኩ ከዚህም ያንሳል። ከልክ ሲያልፍ የሚመታው ጉበትን ነው። ክፋቱ ቶሎ አይናገርም። በመጀመሪያው ቀን ቢበዛ ያቅለሸልሻል፣ ሰውየውም «አለፈልኝ» ብሎ ሥራው ይሄዳል። ጉዳቱ ብቅ የሚለው በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻ አለው፤ ግን ዋናው ጉልበቱ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ሰው አብዝቶ ከወሰደ፣ እስኪያመው አትጠብቁ። ወተት እያጠጣችሁም ሰዓት አትግደሉ። ሆስፒታል ውሰዱት።

እንዲህም ሆኖ በልኩ ለወሰደው ፓራሲታሞል ገር ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ ዲክሎ ነው።

ሁዳዴ ነበር። ወገቤን ያዘኝና ከሰፈር መድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዛሁ፣ ያለ ማዘዣ። ልጁ በመቀስ ቆረጠና በትንሽ የወረቀት ከረጢት ሰጠኝ፣ ላዩ ላይ 1×2 ጽፎ። ጨጓራ አለብህ ወይ አላለኝ። ጾመኛ ነኝ አላልኩት። እኔ የጠየቅኩት «ስንት ነው?» ብቻ ነው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ አወራርጄ እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆዴ እውላለሁ። (የውሃዋን ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር ጨርሰነዋል፣ እናንተ አትግቡበት።) በስምንተኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሐኪሟ «ጨጓራህ እየደማ ነው» አለችኝ። ወገቤማ ተሽሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሕመምና ትኩሳት የሚያስነሳውን ንጥረ ነገር ያግዳሉ። ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲዱ የሚከላከል፣ ለኩላሊትም ደም እንደልብ እንዲደርስ የሚያግዝ ነው። ሕመሙ ሲታገድ ዘበኛውም አብሮ ይባረራል። «እኔ ጨጓራዬን ስለምፈራ በመርፌ ነው የምወስደው» የምትሉ አላችሁ። መርፌውም በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ግን ግፊት ያለባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። የግፊቱን ክኒን ኢናላፕሪልን ይውጣሉ፣ የሚያሸናውን ይውጣሉ፣ ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው ዲክሎ ይጨምሩበታል። ዲክሎው ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ የግፊቱንም መድኃኒት ያዳክማል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይረባረባሉ። እማማ «ለጉልበቴ ከዚያች ከምታውቂያት አምጪልኝ» ሲሏችሁ፣ እሺ ብላችሁ የምትሮጡ ልጆች፣ ይህ ለናንተ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሚወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሄዳችሁ ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩት።

ነፍሰ ጡር ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ዲክሎፌናክን፣ አይቡፕሮፌንንና አስፕሪንን ሐኪም ካላዘዘላት አትንካ። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በትንኝ በሚተላለፈው የደንጊ በሽታ ስትታመም እንዳየነው፣ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ በደንጊ ትኩሳት ላይ አስፕሪን ወይም ዲክሎ መውሰድ ደግሞ መድማትን መጥራት ነው።

ያቺ ራሷን የሚፈልጣት ጎረቤታችንስ? ኋላ ስጠይቃት፣ ለካ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትውጣለች። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው፣ ራስ ምታቱን ራሱ ክኒኑ ሊያመጣበት ይችላል። ሲያመው ይውጣል፣ በመዋጡ ያመዋል። ሐኪም ጋ ሂጂ ብያታለሁ። እናንተም ቦርሳ ከምትከፍቱላት አጅባችሁ ውሰዷት።

በየቤታችሁ ያቺ የተቋጠረች ፌስታል አለች፣ ቡፌው ውስጥ ወይም ፍራሽ ሥር። ዛሬ ማታ ሰፌድ ላይ ዘርግፏት። እናቴ ቤት ዘርግፈናት ነበር፤ 23 ፍሬ ወጣ። ተቆርጦ ተቆርጦ ስሙ የሚነበበው 9ኙ ብቻ ነው። ጊዜው ያላለፈበት 4። እናቴ አንዷን ሮዝ ፍሬ በሁለት ጣቷ አንስታ ብርሃን ላይ ያዘቻት። «ይቺ የአባታችሁ የስኳር ትሆን? ወይስ ያኔ ለጥርሴ የሰጠችኝ?» አለች። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።