ከተበላችሁ በኋላ «ፌር ነው ወይ?» ለምትሉ የባህር ዳር ልጆች

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ማታ ማታ ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ስልካችሁ ላይ ካርታ ለምትጫወቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ወደ ቀበሌ 14 ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ገና ልጅ ነው። መንገድ ላይ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ የኦንላይን ብላክጃክ ፌር ነው? ወይስ ካርታውን ያጭበረብሩታል?» አለኝ። ለካ የባለንብረቱን የቀን ገቢ ተበልቶ ኖሯል።

ይህን ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ሰምቼዋለሁ። ሁሌም የምትጠይቁት ከተበላችሁ በኋላ ነው። በበላችሁ ቀን ማን ይጠይቃል?

እሺ፣ ካርታው ንጹሕ ነው እንበል። ማንም አልነካውም። ያኔም ቢሆን ቤቱ፣ ማለትም የሚያጫውታችሁ ድርጅት፣ በጨዋታው ሕግ ይበላችኋል። ብላክጃክ ካርታ እየሳባችሁ ድምሩን ከ21 ሳታሳልፉ ከአከፋፋዩ ለመብለጥ የምትጫወቱት ነው። ቀድማችሁ የምትስቡት እናንተ ናችሁ። ከ21 ካለፋችሁ ብራችሁ እዚያው ያልቃል። አከፋፋዩም በተራው ከ21 ቢያልፍ የእናንተ ብር አይመለስም። ሁለታችሁም ስትወድቁ የሚበላው ቤቱ ነው ማለት ነው። የጨዋታው ምስጢር ይህችው ናት፤ ተደብቃም አታውቅም።

ክፍያውንም ተመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስ ከአስር ወይም ከባለ ሥዕል ጋር የመጣለት ሰው በደንበኛው ሕግ በ100 ብር 150 ያገኛል። አሁን ብዙ ቦታ የሚከፍሉት 120 ነው። ጨዋታውን በስሌት፣ ያለ ስሕተት ለሚጫወት ሰው የቤቱ ድርሻ ከመቶ ብር 50 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚህች የ30 ብር ቅናሽ ብቻ ወደ 2 ብር ይጠጋል። በስሜት የሚጫወትማ ከዚያም በላይ ይከፍላል።

2 ብር ምን አላት አትበሉ። ስልክ ላይ ካርታ እስኪበወዝ የሚጠብቅ የለም። በሰዓት 200 ዙር መጫወት ይቻላል። በየዙሩ 50 ብር ካስያዛችሁ በሰዓት 10,000 ብር አስይዛችኋል። ከመቶ 2 ሲታሰብ በሰዓት 200 ብር ይሄዳል። በአማካይ ነው እንግዲህ። አንድ ቀን ታሸንፋላችሁ፤ ያቺ ቀን ናት የምታስራችሁ።

«ካርታ መቁጠር እናስተምር» የሚሏችሁንም ተዉአቸው። መቁጠር ማለት የወጣውን እያስታወሱ የቀረውን መገመት ነው፤ የሚጠቅመውም የወጣው ካርታ ሳይመለስ ጨዋታው ሲቀጥል ነው። በኮምፒውተር የሚታደለው ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየዙሩ እንደ አዲስ ይበወዛል። ቴሌግራም ላይ «ሲግናል» ብሎ ቀጣዩን ካርታ የሚሸጥላችሁ ደግሞ ሌባ ነው። ቢያውቀው ኖሮ ራሱ ይጫወትበት ነበር።

ማጭበርበርስ የለም ወይ? አለ እንጂ። እንደ ማልታና እንግሊዝ ባሉ አገሮች ፈቃድ ያለው ድርጅት ካርታውን የሚያወጣለትን ፕሮግራም በገለልተኛ ላብራቶሪ ያስፈትሻል። የፈቃዱን ቁጥርም ከተቆጣጣሪው ዘንድ ማጣራት ይቻላል። በሊንክ እየተላከ እጃችሁ የሚገባውን ግን ማን ፈተሸው? ደግሞ አጭበርባሪ ካርታውን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። እኔን የበላኝ እንደዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንዱ ጋ 4,800 ብር በላሁ። ላወጣ ስል «አካውንትህን ለማረጋገጥ 1,500 አስገባ» አሉኝ። አስገባሁ። ሌላ ጠየቁኝ። እሱንም አስገባሁ። ከዚያ አካውንቱ ተዘጋ። ካርታው ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም፤ የት ሄጄ ልክሰስ?

እናንተ እኮ ሐይቁ ዳር አሳ ስትገዙ ስንጥቡን ገልጣችሁ የምታዩ ሰዎች ናችሁ። አሳ አጥማጁን ከነቤተሰቡ እያወቃችሁት፣ ታንኳው ገና ውሃው እየተንጠባጠበ፣ አንድ አምባዛ ላይ ትከራከራላችሁ። ስሙንም አገሩንም ለማታውቁት ሰው ግን የወር ደመወዝ በቴሌብር ትልካላችሁ። ይህ ያሳፍራል። እኔንም አሳፍሮኛል።

ሊንክ የምትበትኑት ግን ትብሳላችሁ። «ጓደኛህን ጋብዝ፣ ቦነስ አለው» ትላላችሁ። ኮሚሽኑ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የጋበዛችሁት ሰው ከተበላው ላይ በመቶኛ ተቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ። ጓደኛችሁ ሲያሸንፍ እናንተ ታጣላችሁ። ሲሸነፍ ታገኛላችሁ። እንግዲህ አብሮ አደጋችሁ የቤት ኪራይ አጥቶ ሲበደራችሁ የምታበድሩት ከገዛ ብሩ ላይ ነው። እናቱ ታማበት መድኃኒት ሲቸግረው ምን ብላችሁ ልታጽናኑት ነው? አቁሙት። የለጠፋችሁትን ዛሬውኑ አጥፉ።

የባጃጁን ልጅ አስቆምኩትና የቴሌብሩን ዝርዝር አብረን ከፈትን። የላከውን በአንድ በኩል፣ የተመለሰለትን በሌላ በኩል ጻፍን። ሁለት ሺህ ገደማ የተበላ ይመስለው ነበር። በአራት ወር ከ19 ሺህ በልጦ ተገኘ። እናንተም ዛሬ ማታ ይህንኑ አድርጉ። ከአእምሯችሁ ሳይሆን ከስልኩ ደምሩ። ወረቀቱን ቤት ውስጥ ለምታምኑት ሰው አሳዩት። እኔ ለባለቤቴ ያሳየኋት ከተበላሁ ከስምንት ወር በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሌላ ሦስት ጊዜ አስገብቻለሁ።