ከአንቲባዮቲኩ በፊት ደሙ ይወሰድ

የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ታካሚ ድንገት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣለት ብርድ ልብስ ነው። «ብርድ መትቶት ይሆናል» ይባላል። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ፣ ደም ይወሰድ።

ደሙን ከማሽኑ ጋር የሚያመላልሰው፣ አንገት ላይ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ (ካቴተር) ጫፉ የሚያርፈው ልብ አጠገብ ነው። በተከፈተ ቁጥር ንጽሕናው ከጎደለ ጀርም በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆም የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይሠራል። መድኃኒት ያንን ሽፋን አልፎ መግባት ይቸግረዋል። ካቴተሩ ካልወጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው ለዚህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን የሚያመጣው ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ነው። አልፎ አልፎ ግን ያልተጠበቀ ባክቴሪያ ይመጣል። ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ አንዱ ነው። ውኃና እርጥበት ይወዳል፤ አንድ ዙር እጥበት ደግሞ ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ይፈጃል። ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም ጉዳት አያደርስም። «ትልቁ መድኃኒት» የሚባለው ሜሮፔነም ግን አይነካውም፤ ሲፈጠርም እንዲያ ነው። የቆየውና ርካሹ ኮትሪሞክሳዞል ብዙ ጊዜ ይሠራበታል፤ በእርግጥ መጠኑን ሐኪም ለኩላሊት ሕመምተኛ ማስተካከል አለበት። ቤተሰብ ተበድሮ ሜሮፔነም ሲገዛ፣ ታካሚው የሚያድነው መድኃኒት ሳይደርሰው ሊሞት ይችላል። ይህን ለይቶ የሚነግረን ላቦራቶሪ ነው።

«ውጤቱ እስኪመጣ ታካሚው ይሙት?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም። ደሙ እንደተወሰደ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመር፤ ውጤቱ ከቀናት በኋላ ሲደርስ ይስተካከላል። የወጪው ነገር ግን እውነት ነው። እኛ አገር በሳምንት ሦስቴ መታጠብ ያለበት ሰው ገንዘብ አጥሮት ሁለቴ ሲታጠብ ማየት የተለመደ ነው። የካልቸሩንም ሒሳብ እሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። መንግሥት ሊሸፍነው ይገባል።

ከሁሉ የሚሻለው ካቴተሩን ቶሎ መገላገል ነው። በካቴተሩ ፈንታ ክንድ ላይ የደም ሥሮችን በማገናኘት የሚሠራው ፊስቱላ ለአገልግሎት እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮው ካቴተሩ በገባ ሰሞን ይያዝ። እስከዚያው አስታማሚዎች፣ ሰዋችሁ ማሽን ላይ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ነርሷን «ለካልቸር ደም ተወስዷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።