የዶሚኒካው የሚፈላ ሐይቅ የላቫ ሐይቅ አይደለም

ሰላም ወዳጆች፣ ብዙዎቻችሁ በካሪቢያን ዶሚኒካ ደሴት፣ በሞርን ትሯ ፒቶን ብሔራዊ ፓርክ ያለው የሚፈላ ሐይቅ ልክ እንደ ኤርታሌ ከሥሩ ላቫ ያለበት ጉድጓድ ነው፣ ካልፈላ ደግሞ አደጋ የለውም ስትሉ አየሁ። ስህተት ነው።

ሐይቁ ጋዝና እንፋሎት የሚወጣበት ስንጥቅ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ውሃው ከዝናብና ከትንንሽ ጅረቶች ይመጣል፣ የቀለጠው ዓለት ግን ያለው በጥልቁ ነው፤ እስከ ላይ የሚደርሰው የእሱ ትኩስ ጋዝ ነው። ዳሩ ላይ ብቻ ከ82 እስከ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለካል፣ መሃሉ ግራጫ ሆኖ ይንተከተካል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሐይቁ ጎድሎ ቀዝቅዞ ነበር፣ በ2005 ተመልሶ ሞላና ፈላ። ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ደግሞ እዚያው ሁለት ሰዎችን የገደለው ላቫ ሳይሆን ጋዝ ነው። ስለዚህ ጸጥ ብሏል ብሎ መጠጋት ሕይወት ያስከፍላል፣ እባካችሁ ለሚሄዱ ሰዎች እንዲህ አትምከሩ።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ምርምር ማዕከል ስለ ዶሚኒካ እሳተ ገሞራዎች ያወጣውን ይመልከት።