ማስተካከያ፦ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ለብክለት ተጋላጭነት

ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ተጋላጭነት በቀደመው ጽሑፌ «የውኃው ወለል ጥልቀት በጨመረ ቁጥር የተጋላጭነት ነጥቡ ይጨምራል» ማለቴ ስሕተት ነው፤ አንባቢያንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድራስቲክ በተባለው የምዘና ዘዴ፣ ከ1.5 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ላይ የሚገኝ ውኃ በጥልቀት መመዘኛው ከፍተኛውን 10 ነጥብ ሲያገኝ፣ ከ30.5 ሜትር በላይ የጠለቀው 1 ብቻ ያገኛል። በካዩ ነገር በአፈርና በዓለት ውስጥ ረጅም መንገድ ሲጓዝ የመጣራት፣ በአፈር ቅንጣቶች የመያዝና በጥቃቅን ተሕዋስያን የመብላላት ዕድሉ ይሰፋልና።

ከዚህ የከፋው ግን ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ቦታዎች «የተበከሉ» ብዬ መጥራቴ ነው። የድራስቲክ ሰባት መመዘኛዎች፣ ማለትም ጥልቀቱ፣ ወደ ታች የሚሰርገው ውኃ መጠን፣ ውኃ አዘሉ ዓለት፣ አፈሩ፣ የመሬቱ ተዳፋትነት፣ ከውኃው ወለል በላይ ያለው ንብርብርና የዓለቱ ውኃ አስተላላፊነት፣ የቦታውን ባሕርይ እንጂ በላዩ የሚካሄደውን የሰው ሥራ አይለኩም። ፋብሪካም እርሻም በሌለበት ሥፍራ ተጋላጩ ውኃ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በነጥቦቹ መሠረት የሚሠራው የተጋላጭነት ካርታ ስለ ብክለት አደጋ እንዲናገር ከተፈለገ፣ ከመሬት አጠቃቀምና ከብክለት ምንጮች መረጃ ጋር መጣመር፣ ከጉድጓዶች በሚወሰድ ናሙና፣ በተለይም ናይትሬት በተባለው ከማዳበሪያና ከፍሳሽ በሚመጣ በካይ መጠን፣ መፈተሽ ይኖርበታል።