የፓተርሰን ቤተሰብ በደሴ ቡና ላይ

ባለፈው ክረምት ደሴ ስገባ ጦሳ ጭጋጉን እስከ ወገቡ ለብሶ ነበር። ከቶሮንቶ ካመጣሁት ዕቃ ሁሉ እናቴ ቤት ብዙ ቀን ያነጋገረው ጠርዙ የተበላ አንድ የካርቱን መጽሐፍ ነው። ለራሴ ማንበቢያ ነበር የያዝኩት። እናቴ ገለጠችውና ሥዕሎቹን አየት አየት አድርጋ «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጨዋታው በዚያ ተጀመረ።

ካርቱኑ «ፎር ቤተር ኦር ፎር ወርስ» ይባላል። በእንግሊዝኛው የጋብቻ ቃል ኪዳን ውስጥ ባልና ሚስት በደጉም በክፉውም ቀን ላይለያዩ የሚማማሉበት ሐረግ ነው። ሊን ጆንስተን የተባለች ካናዳዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ጀምራ እስከ 2008 ድረስ በጋዜጣ ስታወጣው ኖረች፤ ከ2 ሺሕ በላይ ጋዜጦች ያትሙት ነበር። ታሪኩ የአንድ ተራ ቤተሰብ ነው፦ የጥርስ ሐኪሙ ጆን ፓተርሰን፣ ሚስቱ ኤሊ፣ ልጆቻቸው ማይክልና ኤሊዛቤት፣ ኋላም የተወለደችው ኤፕሪል። በአብዛኛው የጋዜጣ ካርቱን ላይ ሕፃን ሃምሳ ዓመት ሕፃን ሆኖ ይኖራል። እነዚህ ግን ከአንባቢው ጋር እኩል ያረጃሉ። ኤሊዛቤት በዳይፐር ጀምራ በቬሎ ጨርሳለች።

እኔ የተዋወቅኋቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ጸደይ ላይ ነው። ካናዳ በገባሁ በጥቂት ወራት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የጽዳት ሥራ ጀመርኩ። ዓይናቸው የደከመ አንዲት አዛውንት በየማለዳው ጋዜጣውን ዘርግተው ያንን ካርቱን እንዳነብላቸው ይጠይቁኝ ነበር። አራት ሳጥን፣ በየሳጥኑ አንድ ሁለት አጭር ንግግር፤ እንግሊዝኛዬ የተገራው በእርሱ ነው። በሚያዝያ ወር ትንሿ ኤፕሪል ከቤታቸው ጀርባ የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ ሳለ ወደቀችበት። ያረጀው ውሻቸው ፋርሊ ገብቶ አወጣት፤ ድካሙን ግን ልቡ አልቻለውም፤ ሞተ። አዛውንቷ አለቀሱ። ከጎናቸው ቁርስ ይበሉ የነበሩትም አለቀሱ። እኔ መወልወያዬን ይዤ እንደቆምኩ በጣም ተቆጣሁ። ከጥቂት ቀናት በፊት እዚያው ፎቅ ላይ ሰው ሞቶ አልጋው በዝምታ ሲቀየር ያየሁ ነኝና፣ በወረቀት ላይ ለተሣለ ውሻ እንባ ማፍሰስ ነውር መሰለኝ።

ያለቀሱት ግን እነርሱ ብቻ አልነበሩም። ለሠዓሊዋ ደብዳቤ በሺዎች ጎረፈላት፤ ገሚሱ ያመሰግናል፣ ገሚሱ ይራገማል። ስኑፒ የተባለው ዝነኛ የካርቱን ውሻ ፈጣሪ ቻርልስ ሹልዝ እንኳ ሐሳቧን ቀድሞ ሲሰማ፣ ውሻውን ከገደልሽ እኔም ስኑፒን በመኪና አስገጫለሁ ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። ይህን ሁሉ ትቼ ልቤን ያለዘበው ሌላ ነው። የኦንታሪዮ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በዚያ ውሻ ስም «ፋርሊ ፋውንዴሽን» የሚባል ተቋም አቋቁሞ፣ አቅም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የቤት እንስሳቸውን እንዲያሳክሙ ይረዳል። እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው፣ ሌላው እድር የሚለው፣ የሐዘን መዋጮ ነው ይህ። ኖሮ ለማያውቅ ውሻ ቅሬ ተጠራ ማለት ነው።

በእኛስ አገር? ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባለው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ ከአድማጮች ከ15 ሺሕ በላይ ደብዳቤ ተልኮለታል። ለእረፍት መጥቼ እናቴ ቤት ሳለሁ ድራማው ሲጀምር ምጣድ ይወርድ ነበር፤ በሬዲዮ ውስጥ ያለችውን ሴት እናቴ «አትመኚው!» እያለች ስትመክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን የቶሮንቶዋን አዛውንት በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

እንግዲህ መጽሐፉ ደሴ ደርሶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ እኔ አንባቢና አስተርጓሚ ሆንኩ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ወር የሚሆን ታሪክ እንጨርሳለን።

የፋርሊ ነገር ያሥቃቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሣቃቸውም። ጎረቤታችን ሐጂያ «የዋሻዎቹ ሰዎች ውሻስ በቁርኣን ተነሥቶ የለም እንዴ!» አሉ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ ያቺ ሕፃን ወንዝ ዳር ስትደርስ ያየ ሰው የለም? ጎረቤት የት ሄዶ ነው?» ቶና እስኪጠጣ ድረስ የተወያዩት በዚህ ነው። ካናዳ ውስጥ ስለ ውሻው ያን ያህል ሲጻፍ ሲነበብ የጎረቤት ነገር ትዝ ያለው ሰው አልገጠመኝም። እኔም ሐጂያ እስኪጠይቁኝ ድረስ ልብ አላልኩትም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አንድ ታሪክም አለ። የማይክል የልብ ጓደኛ ሎውረንስ ስለ ራሱ አንድ ነገር ለወላጆቹ ተናግሮ ከቤት ተባረረ። ብዙ አንባቢ ተቆጣ፣ ካርቱኑን ከገጻቸው ያወጡ ጋዜጦች ነበሩ፤ ሠዓሊዋ በዚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1994 ፑሊትዘር ለሚባለው ታላቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ከመጨረሻ ዕጩዎች አንዷ ሆነች። ደሴ ላይ ምክንያቱን አልተረጎምኩም፤ ልጁ በሌሊት መባረሩን ብቻ ነገርኳቸው። እናቴ የጠየቀችኝ «መለሱት?» ብላ ብቻ ነው። መለሱት አልኳት። «ተመስገን» አለች።

የኤሊዛቤት ጋብቻ ላይ ግን ከደሴ ሰዎች ጋር አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ኤሊዛቤት ተምራ፣ ሩቅ ሰሜን ሄዳ በነባር ሕዝቦች መንደር ያስተማረች ልጅ ናት። መጨረሻ ላይ ተመልሳ የተማሪ ቤት ጓደኛዋን አንቶኒን አገባች፤ ሚስቱን የፈታ፣ ትንሽ ሴት ልጅ ያለው ሰው ነው። ብዙ አንባቢዎች አዝነው ነበር፤ ያ ሁሉ የሄደችበት መንገድ ተጠቅልሎ ሰፈሯ ተመለሰ ብለው። እናቴና ጎረቤቶቿ በአንድ ድምፅ መረቁት። የሚታወቅ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ይታወቃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ያሳሰባቸው የእንጀራ ልጂቱ ነገር ብቻ ነበር፤ ትወዳት ይሆን ወይስ ታስጨንቃት ይሆን? የእነርሱን ስጋት አከብራለሁ። ነገር ግን እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ «የሚታወቅ ልጅ» ተይዞልኝ ነበርና፣ ኤሊዛቤት በዚያ ሰሜን መንደር ብትቀር ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም ቡናው ላይ ተናገርኩ። ማንም አልመለሰልኝም፤ እናቴ ፍሙን ቆሰቆሰች።

ከሁሉ በላይ ያቆሰላቸው አያትየው ናቸው። የኤሊ አባት ጂም ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ልጃቸው ቤት ገብተው ኖሩ፤ ኋላ ግን አይሪስ ከምትባል ሴት ጋር ሆነው አፓርታማ ገቡ። «ምን ቢበድሏቸው ነው የወጡት?» አሉ ሐጂያ። ራሳቸው ፈልገው ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። አባት ከልጁ ቤት ወጥቶ በኪራይ ክፍል ሲኖር ልጅቷ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? በአረጋውያን መኖሪያ ሃያ ዓመት ሠርቼ ለአንድ ሽማግሌ የራሱ ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ና ቢሉት ቁልፉን በጨበጠ እጁ እምቢ ያለ ሰው አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ ጠያቂ ያላንኳኳው በርም አውቃለሁ። ሁለቱንም ነገርኳቸው። በልባቸው የቀረው ሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጂምን ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸው ተያዘ። ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ሁለት ቃል ነው፤ ለዚያውም ያላሰቡት። ሠዓሊዋ ግን በልባቸው ያለውን ከራሳቸው በላይ ደመና በመሰለ ክብ ውስጥ ትጽፈዋለች። ቤተሰቡ አይሰማቸውም፤ አንባቢው ይሰማቸዋል። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት እጇ ረከቦቱ ላይ ቀረ።

አባቴም እንዲሁ ነበር። ከማረፉ በፊት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበር፤ ንግግር አልነበረውም። ጎረቤት ተራ ገብቶ ያገላብጠው፣ ያጥበው ነበር፤ ሐጂያ ከመግሪብ በኋላ እየመጡ ዱዓ ያደርጉለት ነበር። እኔ በዚያው ጊዜ የሌላ አገር አባቶችን ሳገላብጥ፣ በየእሑዱ እደውላለሁ፤ እናቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ታደርገዋለች፤ ትንፋሹን እሰማለሁ። ሰምቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። እርሷም አታውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ተነጋግረንበት አናውቅም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ መጽሐፉን አንሥታ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ተጠጋች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ማንበብ ባትችልም የምትፈልገውን አገኘች። ጣቷን ደመናው ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ ያለውን ድገሚልኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ።»