ግጥሙን የጻፈው ሰው ሲዘፍን ምናችሁ ይነካል?

ሰሞኑን በአንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ወሬው ኪንግ ክሪምሰን ለተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ግጥም ይጽፍ ስለነበረው ስለ ፒት ሲንፊልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ካረፈ ወዲህ ስሙ ደጋግሞ ይነሳል፤ ደግ ነው። አቅራቢው የኪንግ ክሪምሰንን ግጥሞች አሞገሰ፣ የባንዱን ስም ያወጣው እሱ መሆኑን ተናገረ። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ በ1973 ራሱ የዘፈነበት «ስቲል» የተባለው አልበም ሲነሳ «እሱን እንኳን እንተወው» አለ። ምክንያቱ? «ግጥም የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ድምፅ ስለሌለው ነው፤ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይሸጥ ነበር።» አለና ወደ ሌላ አለፈ። አንድ ደቂቃ እንኳን አላሰማንም።

«ይሸጥ ነበር»! እሺ፣ በሽያጭ እንነጋገር። የሴሊን ዲዮን «ቲንክ ትዋይስ» በ1995 እንግሊዝ ውስጥ 7 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ከ1 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል። ማን ጻፈው? ይኸው ሲንፊልድ፣ ከአንዲ ሂል ጋር። ከዚያ በፊትም በክስ ፊዝ ለተባለው የፖፕ ባንድ የጻፈው ዘፈን በ1982 መጀመሪያ ላይ እዚያው እንግሊዝ አንደኛ ወጥቷል። ሽያጭ ሚዛን ከሆነ እንግዲህ የሰውየው ትልልቅ ሥራዎች እነዚህ ናቸው፣ ኪንግ ክሪምሰን ደግሞ ከእነሱ በታች ነው። አቅራቢው ይህን ለማለት ይደፍራል? አይደፍርም። የፕሮግራሙን ግማሽ ሰዓት የሰጠው ለኪንግ ክሪምሰን ነው። ሚዛኑን ከኪሱ የሚያወጣው «ስቲል»ን ለመጣል ሲፈልግ ብቻ ነው። ይህ ትችት አይደለም፣ ስንፍና ነው።

የድምፁ ነገር ግን ከዚህ በላይ ያንገበግበኛል።

ሲንፊልድ ከኪንግ ክሪምሰን ጋር በአራት አልበሞች ላይ ሠርቷል። ከ1969 እስከ 1971 ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቃሎቹ ስንት አፍ ላይ እንደዞሩ ቁጠሩ። መጀመሪያ ግሬግ ሌክ ዘፈናቸው። ቀጥሎ በሌላ አልበም ጎርደን ሃስኬል መጣ። በዚያው አልበም ላይ «የስ» የተባለው ባንድ ዘፋኝ ጆን አንደርሰን በእንግድነት ገባ። ከዚያ ቦዝ በረል። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ እየሰረዘ፣ እየደገመ የጻፈው ነገር በየአልበሙ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌክ ድንቅ ድምፅ ነበረው፣ ማን ይክዳል። ግን ሌክ ሲዘፍን መጀመሪያ የምትሰማው ሌክን ነው። «ምን አይነት ድምፅ ነው» ትላለህ። ቃሉ የሚገባህ ዘግይቶ ነው፤ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ስትሰማው። አንዳንዴም ጭራሽ አይገባህም፣ ድምፁ ብቻውን ይበቃሃል። ትልቅ ድምፅ ቃልን መወጣጫ ያደርገዋል፣ ረግጦት ከፍ ይላል። የጻፈው ሰው ግን ቃሉን አይረግጥም። የት ቦታ እንዳመነታ፣ የትኛውን ቃል ከስንት ቃል መካከል እንደመረጠው እሱ ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ሲዘፍን እንደሚናገር ሰው ነው የሚዘፍነው። ትንፋሽ የሚወስደው ዜማው ስለፈቀደለት አይደለም፣ ሐሳቡ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ይህን የትኛውም የድምፅ አሰልጣኝ ሊያስተምር አይችልም። ብታምኑም ባታምኑም፣ ግጥምን በትክክል መዝፈን የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚዘፍነው የራሱን ግምት ነው።

ሌናርድ ኮኸንን አስታውሱ። መጻሕፍት ያሳተመ ገጣሚ ነበር። የመጀመሪያ አልበሙ በ1967 መጨረሻ ሲወጣ ዕድሜው 33 ነበር። ስለ ድምፁ ያልተባለ ነገር የለም። ያው ሰው በ1993 ካናዳ ውስጥ በጁኖ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ወንድ ድምፃዊ ተባለ! ያኔ ድምፁ ተለወጠ? ጎርነን ብሎ ይሆናል እንጂ አላማረም። የተለወጠው የሰሚው ጆሮ ነው። ሲንፊልድ ያን ዕድል አላገኘም። የኤልተን ጆን ግጥም ጸሐፊ በርኒ ቶፒንም በ1980 ራሱ የዘፈነበትን አልበም አውጥቶ ነበር፤ ዛሬ የሚያነሳው የለም።

አሁን ወደ አልበሙ። ርዕሱ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። «ስቲል» በእንግሊዝኛ «አሁንም» ማለትም ይሆናል፣ «ጸጥ ያለ» ማለትም ይሆናል። በዚሁ ስም የተጠራውን ዘፈን ክፈቱት። ለስለስ ብሎ ይጀምራል። ሰውየው ይጠይቃል፦ ጅረት መሆን ምን ይመስላል? ዛፍ መሆንስ? መልስ የለውም፣ እንደገና ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ የሕፃን ናቸው። አንድ ጉሮሮው የተባ ዘፋኝ ብቻውን ይዞ ቢያስጮኻቸው ቲያትር ይሆኑ ነበር። ሲንፊልድ ግን በዚያች ቀጭን፣ ትንሽ እርግጠኛ ባልሆነች ድምፁ ሲላቸው ሰውየው የእውነቱን እንደሚጠይቅ ታምናለህ። ሌክም በዚህ ዘፈን ውስጥ አብሮት ይዘፍናል። ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ አግኝታችኋል ማለት ነው፤ እስቲ የትኛው ሲዘፍን ነው ቃሉን የሰማችሁት? እኔ ሁሌም የሲንፊልድ ላይ ነው ቆም የምለው።

«አልበሙን የተሸከሙት በእንግድነት የገቡት ሙዚቀኞች ናቸው» የሚሉም አሉ። ሜል ኮሊንስ አለ፣ ጆን ዌተን አለ፣ ኪት ቲፔት አለ፣ እውነት ነው። ታዲያ? እነዚህ ሁሉ ሰዎች የመጡት ለማን ብለው ነው? ቪቫልዲን ተንተርሶ የተሠራውን የመክፈቻውን ዘፈን ስሙትና አልበሙ የማን እንደሆነ ንገሩኝ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። «ሆልፉድ ቡጊ» የሚለውን አልከራከርለትም፣ እኔም አልፈዋለሁ። ግን ከዘጠኝ ዘፈን አንዱ ነው። በአንድ ደካማ ዘፈን አልበም የሚጣል ቢሆን ኖሮ መደርደሪያችን ላይ ምን ይቀር ነበር?

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ሲንፊልድ ራሱ ይህን አልበም አለመተዉ ነው። በ1993 ሁለት ዘፈን ጨምሮበት፣ ስሙን «ስቲሉዥን» ብሎ እንደገና አወጣው። ከ20 ዓመት በኋላ! የረሳውን ነገር ማንም እንዲህ አያደርግም። ሁለተኛ የዘፈነበት አልበም ግን የለውም። ለምን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው። «አንተ ጻፍ፣ መዝፈኑን ለሌላው ተው» ሲባል የኖረ ሰው አንድ ቀን ዝም ይላል። እንደዚያ ያሉት ደግሞ ልክ እንደዛሬው አቅራቢ አልበሙን ሳያሰሙ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው።

ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ፕሮግራምህ አስተያየትህን ትንሽ አቆየውና ያችን ከ«ሆልፉድ ቡጊ» ቀጥላ የምትመጣውን፣ «ስቲል» የምትባለውን ዘፈን ክፈታት። እስከ መጨረሻው አሰማን፣ መሃል ላይ አትግባ። ድምፅ አለው የለውም የሚለውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።